ከበለዘ ጥርስ እስከ ደረቀ ወገብ፦ ፍሎራይድ በስምጥ ሸለቆ ልጆች ላይ

በስምጥ ሸለቆዋ ከተማ በወለንጪቲና በአካባቢዋ የበለዘ ጥርስ ማንንም አያስደነግጥም፤ ሰው «የአገሩ ውሃ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትክክል ነው፣ ውሃው ነው። ቡናማው እድፍ ልጁ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ብዙ ፍሎራይድ መጠጣቱን ይመሰክራል። የአብዛኛው ቋሚ ጥርስ ሽፋን እስከ 8 ዓመት ገደማ ተሠርቶ ስለሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ቢቀየርም እድፉ አይለቅም።

ሥሩ እሳተ ገሞራ ነው። ከአዳማ እስከ መተሐራ ባለው መስመር የከርሰ ምድር ውሃ የሚያልፈው በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ውስጥ ነው፤ ፍሎራይዱን የሚያገኘውም ከዚያ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይዱን አጣምሮ ያዘቅጠዋል፤ የስምጥ ሸለቆው ውሃ ግን ሶዳማ፣ ካልሲየሙም አነስተኛ ስለሆነ ፍሎራይዱ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለመጠጥ ውሃ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ጉዳዩን ካጠኑት መካከል የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ተወልደው ካደጉና ከተመረመሩ ልጆች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጥርሳቸው ተጎድቶ ተገኘ። ከፍተኛው ቁጥር ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ነበር፤ 32 በመቶዎቹ ክፉኛ በልዘዋል። አዋቂዎቹስ? የደች ኩባንያ ኤችቪኤ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት በጀመረበት ወንጂ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር። ለዓመታት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የጠጣ ሠራተኛ ጅማቱ ወደ አጥንትነት ይለወጣል፣ አከርካሪው ይገትራል፣ ጉልበቱና ዳሌው እንደታጠፉ ይቀራሉ። አከርካሪው ውስጥ ያለው የነርቭ ገመድ ሲጨመቅ ደግሞ እግር ይዝላል፣ ጡንቻም ይኮማተራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተማሪ እግሩን ማጠፍ ቢያቅተው ጥፋተኛው ውሃው ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የአጥንቱ ጉዳት በአብዛኛው የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በልጆች ላይ የጡንቻ መኮማተር ከሚያመጡት አንዱ ተደጋጋሚ የመርፌ ሕክምና ነው፦ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጭን መርፌ ብዙ ልጆች አንክሰውባታል፣ ምሥራቅ ኡጋንዳ ደግሞ በወባ መድኃኒቱ በኩዊኒን መርፌ የመቀመጫ ጡንቻቸው የደረቀ ልጆች አሉ። ፖሊዮም አለ።

በውሃው ወገን ግን አደጋውን የሚያከብዱት ይታወቃሉ፦ የጉድጓዱ የፍሎራይድ መጠን፣ የተጠጣበት ዘመን፣ በቆላው ሙቀት የሚጨመረው ብርጭቆ፣ በዚያው ውሃ የሚፈላው ሻይና የሚሠራው ወጥ፣ የካልሲየም እጥረት። ወተት ያለው ቤት የተሻለ መከላከያ አለው። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን የቀረው ፍሎራይድ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። ክሎሪንም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም።

መፍትሔው ወይ ምንጩን መቀየር ወይ ማጣራት ነው። አዳማ የአዋሽን ውሃ አጣርታ ትጠጣለች፤ የወንዙ ፍሎራይድ ከብዙ ጉድጓዶች ያነሰ ነው። ወንዝ ለራቀው መንደር በሞጆ ከከሰለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያ ተሞክሯል። ይሠራል፣ ነገር ግን የአጥንቱ ከሰል ሲሞላ መቀየር አለበት፤ ከሰሉን የሚገዛና ጊዜውን የሚቆጥር ሰው ከሌለ ማጣሪያው ባዶ በርሜል ነው። በእኔ እይታ ዓይን የሚጣልበት እዚህ ላይ ነው። መምህራን በየዓመቱ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን ቋሚ የፊት ጥርስ በቀን ብርሃን ቢያዩ፣ የትኛው ሰፈር ጉድጓድ ወይም ማጣሪያ አስቀድሞ መመርመር እንዳለበት ያለ ቤተ ሙከራ ይለያሉ።