ግስ ያለ አገባብ አይበቃም

የሌላውን አገር ቋንቋ ማወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቆጠርብናል። በአገራችን ከፍ ያለው ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከውጭ መንግሥታት ጋራ ከሚደረገውም መጻጻፍ ብዙው በዚሁ ቋንቋ ይፈጸማል። ስለዚህ ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ቋንቋው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብለን አይደለም፤ ተማሪው ቃላቱን በምን ዐይነት መንገድ ቢይዝ እንደሚሻለው ነው።

ብዙዎች ተማሪዎች ደብተር አዘጋጅተው በአንድ ወገን የእንግሊዝኛውን ቃል፥ በሌላው ወገን የአማርኛውን ፍች እየጻፉ በቀን ሃያ ሠላሳ ቃል ያጠናሉ። ትጋታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን እንዲህ ደክመው ሺሕ ቃል ከያዙ በኋላ ከእንግዳ ጋራ ሲገናኙ አንደበታቸው ይተሳሰራል፤ ወይም የተናገሩት ሌላ፥ የተሰማላቸው ሌላ ይሆናል። ይህም የሚሆነው ቃሉን ብቻ ይዘው አገባቡን ስለ ተዉት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊም ከዚህ ስሕተት አላመለጠም። በወጣትነቱ ጊዜ አንድ እንግሊዛዊ እንግዳ እጁን ዘርግቶ «ሃው ዱ ዩ ዱ» ቢለው፥ «ሃው» እንዴት፥ «ዱ» መሥራት እንደ ሆነ በደብተሩ ጽፎ ነበርና፥ ስለ ሥራው የተጠየቀ መስሎት ከጧት እስከ ማታ የሚሠራውን ይዘረዝርለት ጀመር። እንግዳውም በትዕግሥት ሰማው። ለካ ነገሩ ሰላምታ ብቻ ኖሯል፤ መልሱም ያንኑ ቃል መልሶ ማለት ነበር። ቃሉን ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ነገሩን ግን አላወቀውም።

ይህ ጠባይ የእንግሊዝኛ ብቻ እንዳይመስለን የገዛ ቋንቋችንን እንመልከት። አንድ የውጭ አገር ተማሪ «እጅ ነሣ» የሚለውን ቃል በቃል ቢፈታው፥ እጁን ከለከለ ይሆንበታል እንጂ በአክብሮት ሰላምታ ሰጠ አይሆንለትም። «ልብ ገዛ» የሚለውንም ሲሰማ ሰውዬው ከሥጋ ቤት የተመለሰ ይመስለዋል እንጂ አስተዋይ ሆነ ማለት መሆኑን አያውቅም።

በእንግሊዝኛ ዋናው ችግር የሚገኘው በትንንሾቹ ቃላት ነው። «ሉክ» ተመለከተ ማለት ነው፤ «ሉክ አፍተር» ሲሆን ግን ተንከባከበ፥ «ሉክ ፎር» ሲሆን ፈለገ፥ «ሉክ ኢንቱ» ሲሆን መረመረ ይሆናል። «ጊቭ» ሰጠ፥ «አፕ» ወደ ላይ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ተወ ማለት ነው እንጂ ወደ ላይ ሰጠ አይደለም። ከቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግስ ያጠና ተማሪ ዐቢዩን፥ ንኡሱንና ደቂቁን አገባብ ካልጨመረበት ግዕዙን ሊፈታ አይችልም፤ «ከመ» የሚለው አንዱ ቃል እንኳ በአንድ ስፍራ «እንደ»፥ በሌላው ስፍራ «ዘንድ» ሆኖ ይፈታልና። ሰዋስው መሰላል ማለት ነው፤ ቃላቱ ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች ቢሆኑ፥ አገባብ መርገጫው ነው። መርገጫ በሌለው መሰላል ማን ሊወጣ ይችላል?

ነገሩ በአክብሮት ረገድ ይልቁን የከበደ ነው። አማርኛችን አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎ፥ እናንተ እያለ ሰውን በየማዕረጉ ይጠራል። እንግሊዝኛ ግን ለታላቁም ለታናሹም፥ ለአንዱም ለብዙውም «ዩ» ይላል። ታዲያ አክብሮት የሌለው ቋንቋ ነውን? አይደለም፤ አክብሮቱ ያለው በአነጋገሩ ውስጥ ነው። «ጊቭ ሚ ዘ ሌተር» ማለት ደብዳቤውን ስጠኝ ብሎ ማዘዝ ነው። «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ ዘ ሌተር፥ ፕሊዝ» ማለት ግን ደብዳቤውን ቢሰጡኝ ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነው። ቃል ብቻ የያዘ ሹም ሳያውቅ ባለጌ ተብሎ ይቀራል፤ ባለጌ የተባለውም እርሱ ብቻ ሳይሆን የላከው መሥሪያ ቤት ነው።

ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች እንኳ በአገባብ ይጣላሉ። ዊንስተን ቸርችል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1950 ባሳተሙት የጦርነት ታሪክ እንደ ገለጡት፥ በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሹማምንት በአንድ ጉዳይ ላይ «ቴብል» በሚለው ቃል ብዙ ተከራከሩ። ቃሉ ለእንግሊዞች ጉዳዩን ለውይይት ማቅረብ፥ ለአሜሪካኖች ደግሞ ጉዳዩን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ነበርና፥ አንድ ሐሳብ ይዘው ሳለ የተለያዩ መሰላቸው። እኛም የአንድ ግስ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በ1881 ዓመተ ምሕረት በተጻፈው በውጫሌ ውል 17ኛ ክፍል፥ የአማርኛው ቃል ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን በግዴታ እንደ ተስማሙ አድርጎ ተጻፈ። ከዚያ የተነሣው ጠብ በ1888 ዓድዋ ላይ በደም ተቈረጠ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተማሪው በደብተሩ ነጠላ ቃል አይጻፍ፤ ቃሉ የሚገኝበትን ሙሉ ንግግር ይጻፍ፤ ከጎኑም ማን ለማን፥ በምን ጊዜ እንደሚናገረው ያመልክት። የጻፈውንም ዳዊት እንደ ደገምንበት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይድገመው። የእንግሊዝኛ ጽሕፈት እንደኛ ፊደል ለጆሮ የታመነ አይደለምና፥ በዐይን ብቻ ያጠና ይሳሳታል፤ ፈረሰኛ ባላባት የሚባለው «ናይት» በስድስት ፊደል ተጽፎ ሦስቱ አይሰሙም፤ ሲነገርም ሌሊት ከሚባለው «ናይት» አይለይም። ከሁሉ በላይ ያጠናውን በዚያው ሳምንት ለሰው ይናገረው፤ ቢሳሳትም አይፈር።

በቀን ሃያ ቃል ከመቁጠር አምስት ንግግር አጥርቶ መያዝ ይበልጣል። አምስቱን የያዘ ተማሪ በተጠየቀ ጊዜ ይመልሳል፤ ሃያውን የቆጠረው ግን ደብተሩን እስኪገልጥ እንግዳው ይሄድበታል።