ለአቀንጭራ የዘገየ ካሜራ

ጎብዬ ለመንገደኛ ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲሄዱ የምትታለፍ ከተማ ናት፤ ለማሽላ ተመራማሪ ግን የዝርያም ስም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም እንዲቋቋሙ ተዳቅለው ለአገራችን ገበሬ ከተለቀቁት ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ተባሉ። ከሥራው ጀርባ የነበሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ዶክትሬታቸውን በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው ኋላም እዚያው ያስተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉ ሊቅ ናቸው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትና ሮቦቲክስን በድኅረ ምረቃ ማስተማር ለደሃ አገር ቅንጦት ነው ወይስ ግዴታ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር የጎብዬ ዝርያ ልትታወስ ይገባል።

ችሎታው እንደማያንሰን ታይቷል፤ የሶፊያ ሮቦት ሶፍትዌር ከፊሉ አዲስ አበባ ባለው አይኮግ ላብስ የተሠራ ነው። መንግሥትም በ2012 ዓ.ም. ለመስኩ ራሱን የቻለ ተቋም አቁሟል። ስለዚህ ክርክሩ መሆን ያለበት ተማሪው በማን ጥያቄ ይመረቅ የሚለው ላይ ነው። አቀንጭራን እንውሰድ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይነቃና ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጠምጠዋል። ጉዳቱ አረሙ ከመሬት ብቅ ሳይል ይጀምራል። እንግዲህ ማሳ ያልረገጠ ተማሪ የአቀንጭራን ሐምራዊ አበባ የሚለይ ካሜራ ሠርቶ በከፍተኛ ማዕረግ ሊመረቅ ይችላል፤ ካሜራው ግን ለዘንድሮው ማሽላ ዘግይቷል። ያው ምስል ለከርሞ ሲታሰብ ሌላ ዋጋ አለው፤ የትኛው ማሳ ላይ ማሽላ እንደማይደገም፣ የትኛው ላይ ጎብዬን የመሰለ ዝርያ እንደሚዘራ ይጠቁማል። የሁለቱ ልዩነት የሒሳብ አይደለም፤ ገበሬውን የመጠየቅ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኝ ያለፈው 3 ያህሉ ብቻ በሆነበት አገር ስለ ሮቦት ማውራት ቀልድ ነው የሚል አለ። ግማሽ እውነት አለው፤ ሒሳብ ያልያዘ ተማሪ ማስተርሱ ስም ብቻ ይሆንበታል። የታችኛውን ክፍል የሚያበረታው መምህር ግን የሚወጣው ከላይኛው ነው። አረም የሚነቅል ሮቦትን በተመለከተ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፤ የሰው ጉልበት ርካሽ በሆነበት በራያ ቆላ ማሽኑ ወጪውን አይመልስም። ኢንተርኔትም ይቋረጣል፤ ስለዚህ ያለ ኔትወርክ በተራ ስልክ የሚሠራ ፕሮግራም መሥራት ራሱ ለማስተርስ ርእስነት ይበቃል። የተማረው ይሰደዳል የሚለው ሥጋት ይከብዳል። ገቢሳም ኑሯቸው አሜሪካ ነው፤ ዘሩ ግን መጣ። የመጣውም እዚህ ተቀብሎ በማሳ የሚፈትን፣ ዘር የሚያባዛ የግብርና ምርምር ስለነበረ ነው። ለሶፍትዌሩ ያንን ሥራ የሚሠራ ባለሙያ እስካሁን በወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት መዋቅር ውስጥ መደብ የለውም።