የቤት ፕላን ከመሬቱ ይጀምራል



አዲስ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ክፍል ይወጣልኛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛ መሆን የሚገባው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ይህ መሬት ምን ይሸከማል? ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? ክፉ ቀን ቢመጣ ቤተሰቤ በየት ይወጣል?» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ሳያገኙ ክፍሎችን በወረቀት ላይ መደልደል «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውን መድገም ይሆናል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በአዲስ አበባ ምዕራብ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ቆሼ እየተባለ የሚጠራው ስፍራ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ ነው። ቆሻሻው ከዓመት ወደ ዓመት ሲከመር ተራራ አከለ፤ በዙሪያውና በእግሩ ሥርም ሰዎች ጎጆ ቀልሰው፥ ልጅ ወልደው ይኖሩ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የክምሩ አንድ ወገን ተንዶ ቤቶቹን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበራቸው። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብሔራዊ የኀዘን ቀንም ታወጀ።

እነዚያን ቤቶች የሠሩት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም፤ ኪሳቸው የደረሰው እስከዚያ ስለ ነበረ ነው። ስለዚህ ነገሩን የምናነሣው ለወቀሳ ሳይሆን፥ ለመምረጥ ዕድል ያገኘ ሰው አስቦ እንዲመርጥ ነው። ከሚናድ ክምር ሥር የቆመን ቤት የቱንም ያህል ያማረ ፕላን አያድነውምና።

የተከመረ ቆሻሻ ላዩ አፈር ቢለብስና ሣር ቢያበቅል እንኳ መሬት ሆነ ማለት አይደለም። ከውስጥ እየበሰበሰ ስለሚሄድ አንዱ ወገን ብዙ፥ አንዱ ወገን ጥቂት ይሰምጣል፤ መሠረትም ይሰነጥቃል። ሲበሰብስ ሜቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በአፈር ውስጥ ተሹለክልኮ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። በአንድ ክፍል ካለው አየር ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ የሆነ እንደሆነም በአንዲት ክብሪት ይፈነዳል። ከክምሩ የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ደግሞ የጉድጓድን ውሃ ይበክላል።

እንግዲህ ቦታ ከመያዛችሁ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች «ይህ ስፍራ ቀድሞ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥላችሁ በሁለት በሦስት ቦታ ከአንድ ሜትር በላይ አስቆፍሩ። ጨርቅ፥ ላስቲክና አመድ ከወጣ መሬቱ ሙሌት ነው። የተደፈነ ገደልም እንዲሁ ያታልላል። በበጋ የሚሰነጠቅና በክረምት የሚያብጥ ጥቁር ዋልካ ካጋጠማችሁ የመሠረቱን ጥልቀት መሐንዲስ ይወስንላችሁ። ከሁሉ ይልቅ ቦታውን በሐምሌ ዝናብ ሄዳችሁ እዩት፤ በጥር ያማረ ስንት ቦታ በሐምሌ ረግረግ ሆኖ ይገኛል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ለምሳሌ 10 ሜትር ወርድና 15 ሜትር ርዝመት ባለው ቦታ ላይ አባትና እናት ከሦስት ልጆችና ከአንዲት አያት ጋር የሚኖሩበትን 8 በ7 ሜትር የሆነ ቤት እናስብ። ስፋቱ 56 ካሬ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ የውጩ ግድግዳ በ20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ቢሠራ ከውስጥ የሚተርፈው 50 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስድስቱን ካሬ ሜትር ግድግዳው በላው ማለት ነው፤ ይህም የአንድ ትንሽ ልጅ መኝታ ያህላል። 1 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ርዝመት ያለው ኮሪደር ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ 5 ካሬ ሜትር ይሄዳል። ማንም የማይቀመጥበት ኮሪደር እንደ ሳሎኑ ሁሉ ድንጋይ፥ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይፈጃልና፥ ክፍሎቹን በአጭር ኮሪደር ዙሪያ መሰብሰብ ይበጃል።

ውሃን በተመለከተ፥ አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም በክረምት የሚወርድ ነው። በዚህ ስሌት ከ56 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት ከ60,000 ሊትር በላይ ውሃ ይወርዳል። መውረጃ ቦይ በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ካልተሠመረለት ወይ የራሳችሁን መሠረት ይበላል፥ ወይ የጎረቤትን ግድግዳ ያፈርሳል። መታጠቢያ ቤቱና የዕቃ ማጠቢያው በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ፥ በመሬቱ ዝቅተኛ ወገን ይሁኑ፤ ቧንቧው ያጥራል፥ ፍሳሹም በራሱ ይወርዳል።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ ይገባዋል። ቦታችሁ ግን ከዳር እስከ ዳር 15 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ግቢ ሁለቱን ባንድነት መቆፈር ከቶ አይገባም፤ መጸዳጃውን ስታወጡም የጎረቤታችሁ የውሃ ጉድጓድ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ፀሐይ ደግሞ፥ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ትሄዳለች። ሳሎኑ ሰፊ መስኮቱን ወደ ደቡብ ቢያደርግ በቀን ይሞቃል። የአያቲቱና የልጆቹ መኝታ ወደ ምሥራቅ ቢከፈት የጧት ፀሐይ የሌሊቱን ብርድ ያባርርላቸዋል። ለአያቲቱ ደረጃ የሌለበትን፥ ለመታጠቢያ ቤቱ የቀረበውን ክፍል ስጧቸው።

እንጀራ በእንጨት የሚጋገርበት ማድ ቤት ከመኝታ ቤት ጋር ግድግዳ ባይጋራ ይመረጣል፤ የጢስ መውጫም ይኑረው። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ መሣሪያ አያሻም፤ የጎረቤት ጢስ በበጋና በክረምት፥ ጧትና ማታ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበቃል። ማድ ቤቱ ጢሱ ከመኝታ መስኮቶች በሚርቅበት ወገን ይቁም።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ ሰርቪሱን በጓሮ ሠርቶ ይገባበታል፤ ዋናውን ቤት ገንዘብ ሲያገኝ ይቀጥላል። መልካም ዘዴ ነው፤ ሆኖም ሰርቪሱ የዋናውን ቤት መሠረት ቦታ እንዳይዝ ሙሉው ፕላን አስቀድሞ ይነደፍ። ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ሥፍራ በፊት ለፊት ይቅር።

መውጫውንም አትርሱ። ቤቱ የፊትና የኋላ ሁለት በር ይኑረው። ለሌባ ተብሎ በየመስኮቱ የሚበየደው ፍርግርግ ብረት፥ እሳት የተነሣ ቀን ቤተሰቡን ያግታል። ስለዚህ በየመኝታ ቤቱ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። በሩና ኮሪደሩም በሽተኛ በቃሬዛ ሳይንጋደድ የሚያልፍበት ወርድ ይኑራቸው።

ይህን ሁሉ በአራት ማዕዘን በተሠመረ ደብተር ላይ 1 ሴንቲ ሜትርን 1 ሜትር አድርጋችሁ ንደፉ። ከዚያ በቦታው ላይ በገመድና በኖራ አሥምሩት። ማዕዘኑን ለማቅናት በአንዱ መሥመር 3 ሜትር፥ በሌላው 4 ሜትር ለኩ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ልክ 5 ሜትር ከተገኘ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። አልጋውንና ጠረጴዛውን በእንጨት አመልክታችሁ ከነቤተሰባችሁ በኖራው መካከል ተመላለሱ። እናት ከማድ ቤት እስከ ሳሎን፥ አያትም ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ ይሂዱ። የሚጠብበት ወይም የሚርቅበት ከተገኘ ኖራ በመጥረጊያ ይጠፋል፤ የተገነባ ግድግዳ ግን በዲጂኖ ነው የሚፈርሰው።

ይህ ካለቀ በኋላ ንድፉን ለባለሙያ አሳይታችሁ የግንባታ ፈቃድ አውጡ። ድንጋይ የሚራገፈው ከዚያ በኋላ ነው።