ቃሉን የጠበቀ ሱቅ፦ ከኢ-ኤስ-ኳል ጋር ትውውቅ

እ.ኤ.አ. በ1999 የገና ሰሞን ብዙ አሜሪካውያን ወላጆች የልጆቻቸውን ስጦታ በኢንተርኔት አዘዙ። ትዕዛዙ ሲበዛ መጋዘኖቹ አልቻሉትም። እንደ ቶይስ አር አስና ሜሲስ ያሉ ስመ ጥር ሻጮች ጭምር ለበዓል ይደርሳል ያሉትን ዕቃ በቀኑ ማድረስ አቃታቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከሰባት ኦንላይን ሻጮች ጋር በደረሰበት ስምምነት ኩባንያዎቹ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ሆነ። የተጠየቁት ዕቃው ስለዘገየ ብቻ አልነበረም። መዘግየቱን ለገዢው በወቅቱ ስላላሳወቁ፣ ትዕዛዙን የመሰረዝ ምርጫም ስላልሰጡት ጭምር ነው።

ኦንላይን ሱቅን ጥሩ የሚያሰኘው ምን እንደሆነ በሥርዓት ለመመለስ ከተሞከሩት ሥራዎች መካከል በጣም የታወቀው ኢ-ኤስ-ኳል የተባለው መለኪያ ነው። በ2005 ይፋ ያደረጉት የማያሚ ዩኒቨርሲቲው ኤ. ፓራሱራማን፣ እንዲሁም በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ቫለሪ ዜይታምልና አርቪንድ ማልሆትራ ናቸው። ፓራሱራማንና ዜይታምል ለጉዳዩ እንግዳ አልነበሩም። ከሊዮናርድ ቤሪ ጋር ሆነው በ1988 ሰርቭኳል የተባለውን የአገልግሎት ጥራት መለኪያ አውጥተዋል፤ ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ሆስፒታሉም ደንበኞቹን ሲጠይቅበት የኖረ መለኪያ ነው። ሰርቭኳል ግን ከሚጠይቃቸው ነገሮች ውስጥ የሠራተኛው አቀባበልና አለባበስ፣ የቢሮው ገጽታ ይገኙበታል። ኦንላይን ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት የሚቆም ባለሱቅ የለም፤ ጨርቁን በጣት አሽቶ፣ ጫማውን በእግር ለክቶ፣ የሻጩን ፊት አይቶ መግዛትም ቀርቷል። ስለዚህ መለኪያው ከሥር መሠራት ነበረበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሃያ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ለገዢው ይሰጡታል፤ እሱም በእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚስማማ ከ1 እስከ 5 ባለው ቁጥር ይመልሳል። ከዚህ ለመድረስ ግን ብዙ ነገር ተጥሏል። ተመራማሪዎቹ ሲነሡ የጥራት መገለጫ ይሆናሉ ብለው የያዟቸው ዘርፎች አሥራ አንድ ነበሩ፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ከመቶ በላይ። በገዢዎች መልስ እየተፈተኑ ሲጣሩ ለዋናው መለኪያ አራት ዘርፎች ብቻ ቀሩ። የድረ ገጹ ውበት መነሻው ላይ ራሱን ችሎ የቆመ ዘርፍ ነበር፤ በመጨረሻው መለኪያ ላይ የለም። ገንዘቡን ሁሉ በሎጎና በቀለም ላይ አፍስሶ ለዕቃ ማድረሻው ሞተር ያልተረፈው ነጋዴ ይህን አንድ ነገር ቢያውቅ እወዳለሁ።

የመጨረሻው ማጣሪያ የተደረገው በሁለት ሱቆች ደንበኞች ላይ ነው፤ 653 የአማዞንና 205 የዋልማርት ኦንላይን ገዢዎች መልስ ሰጥተዋል። አራቱ ዘርፎች ቅልጥፍና፣ ትዕዛዝን መፈጸም፣ ሳይቋረጥ መሥራትና ምሥጢር ጠባቂነት ናቸው። ሳይቋረጥ መሥራት ማለት ገጹ በሚፈለግበት ሰዓት መከፈቱ፣ ትዕዛዝ ከተሞላ በኋላ ደርቆ አለመቅረቱ ነው። ምሥጢር ጠባቂነት የሚጠይቀው ደግሞ የባንክ ካርዱ መረጃ መጠበቁን፣ የገዢው ማንነትና የግዢ ልማድ ለሌላ አለመሰጠቱን ነው።

ገዢዎች ከሁሉ አስበልጠው የተገኙት ግን ሌሎቹን ሁለቱን ነው፦ ቅልጥፍናንና ትዕዛዝ መፈጸምን። ጥራቱ በጥቅሉ እንዴት ነው ሲባሉ የሚሰጡት መልስ፣ ሱቁ ለገንዘባቸው የሚመጥን መሆኑን የሚለኩበት፣ ተመልሰው ለመግዛትና ለሌላ ሰው ለመጠቆም ያላቸው ፍላጎት፣ ሁሉም ይበልጡን በእነዚህ በሁለቱ ላይ ይንጠለጠላል። ቅልጥፍና የፈለጉትን ሳይንከራተቱ ማግኘት፣ ግዢውን በጥቂት እርምጃ መጨረስ፣ የተደራጀና ቶሎ የሚከፈት ገጽ ማግኘት ነው። ትዕዛዝ መፈጸም ከዚህ ይሰፋል። ዕቃው በተባለው ቀን ደረሰ ወይ? የመጣው የታዘዘው ነው ወይ? «አለ» የተባለው በእርግጥ መጋዘን ውስጥ ነበር? ሱቁ ስለሚሸጠው ነገር እውነቱን ተናግሯል? በእኔ ግምት የመለኪያው ልብ ያለው እዚህ ነው። ቀሪዎቹ ዘርፎች በስክሪን ላይ ያልቃሉ፤ ይህኛው ግን መጋዘኑን፣ ማሸጊያውን፣ ሾፌሩን፣ የሻጩን ሐቀኝነት ሁሉ አንድ ላይ ይመዝናል።

ግኝቱ የእነዚህ ሦስት ሰዎች ብቻ አይደለም። ሜሪ ዎልፊንባርገርና ሜሪ ጊሊ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ2003 ኢቴይልኪው የተባለ ሌላ መለኪያ አውጥተው ነበር። እነሱም ዘንድ የደንበኛን እርካታና የጥራት ግምት ከሁሉ በላይ የሚወስነው አስተማማኝነት፣ ማለትም የታየውና የታዘዘው ዕቃ በተባለው ጊዜ መድረሱ ሆኖ ተገኘ።

ምሥጢር ጠባቂነት በሁለቱም ጥናቶች ወደ ታች መውረዱ ሊያስገርም ይችላል። ሰው ስለ ምሥጢሩ አይጨነቅም ብዬ ግን አልደመድምም። የዘገየ ጫማ በዚያው ሳምንት ይታወቃል፤ የተሸጠ ስልክ ቁጥር ግን ማን እንደሸጠው ሳይታወቅ ይቀራል። ገዢ ያላየውን ጉድለት በቁጥር ሊቀጣ አይችልም። ስለዚህ ይህን ዘርፍ ለገዢዎች ግምት ብቻ መተው ያስቸግራል፤ ሕግ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ተመራማሪዎቹ አንድ ሌላ ጥሩ ነገር አደረጉ። ነገር ሲበላሽ ብቻ የሚወጣ ሁለተኛ መለኪያ ለይተው ሠሩ፦ አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገሮች ያሉት ኢ-ሬክስ-ኳል። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ችግሩ ቶሎ ተፈታ ወይ፣ ለደረሰው ጉዳት ካሳ ተሰጠ ወይ፣ የሚያናግሩት ሰው ተገኘ ወይ። ለየብቻ ማድረጋቸው ትክክል ይመስለኛል፤ ሁሉ ነገር የተሳካለት ገዢ ስለ ካሳ የሚመልሰው ነገር የለውምና። በ1999 የተመሠረተው ዛፖስ የተባለው የጫማ ሱቅ ስሙን የገነባው በዚህ በኩል ነው። ያልተስማማውን ጫማ እስከ 365 ቀን ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀበል ነበር፤ ስልክ ሲደወልለትም ሰው ያነሣ ነበር። አማዞን በ2009 ገዝቶታል።

ይህን መለኪያ አዲስ አበባ ላይ ብናውለው ምን ያሳያል? እዚህ ብዙው ኦንላይን ሱቅ ድረ ገጽ የለውም፤ የቴሌግራም ቻናል ነው። ቅልጥፍናው «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከሚለው ጽሑፍ ላይ ይሰናከላል፤ ገዢው ለእያንዳንዱ ዕቃ ጽፎ መልስ ይጠብቃል። ዋጋን መደበቅ ገዢን እንደሚያባርር ሌላ አገርም ይታወቃል። ቤይማርድ የተባለው የዴንማርክ የምርምር ተቋም በሰበሰባቸው ጥናቶች መሠረት ዕቃ ከተጨመረባቸው ኦንላይን ዘንቢሎች ወደ 70 በመቶው ግዢው ሳያልቅ ይተዋሉ። ሰዎች ከሚሰጧቸው ምክንያቶች ግንባር ቀደሙም በመጨረሻ ላይ ብቅ የሚለው ተጨማሪ ክፍያ ነው። አድራሻ መሙላትም ከእኛ ሰፈር ጋር አይሄድም። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከፋርማሲው ጀርባ እያሉ ዕቃ የሚያመጣውን ልጅ በስልክ መምራት የግዢው አካል ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የክፍያው ጉዳይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ማስተላለፍ ቀሏል፤ ያላዩትን ዕቃ አምኖ አስቀድሞ መክፈል ግን አልቀለለም። ለዚህ ነው ዕቃውን በራፍ ላይ አይቶ መክፈል የሚመረጠው። ሕንድ ውስጥ ፍሊፕካርት የተባለው ኦንላይን ሱቅ ተመሳሳይ ሥጋት ሲገጥመው እ.ኤ.አ. በ2010 ዕቃ ሲደርስ በጥሬው መክፈልን ፈቀደ። ቻይና ሌላ መንገድ ያዘች። አሊፔይ የተባለው የክፍያ አገልግሎት የተነሣው የገዢውን ገንዘብ በመሀል ይዞ በመቆየት፣ ገዢው «ደርሶኛል» ሲል ብቻ ለሻጩ በመልቀቅ ነው። ሁለቱም አሠራሮች የሚያክሙት ያንኑ በአሜሪካ ገዢዎች ዘንድ ከፍ ብሎ የታየውን ዘርፍ ነው፤ ትዕዛዝ መፈጸሙን። እኛም አገር የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥቷል። ለገዢው መተማመኛ የሚሆነው ግን በየቻናሉ የሚሠራበት እንዲህ ያለ ልማድ ሲኖር ይመስለኛል።

መለኪያው ጭራሽ ያላሰበው ገዢም አለ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ ለፋሲካ በግ፣ ለልደት ኬክ አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቹ የሚያዝ ሰው ከፋይ እንጂ ተቀባይ አይደለም። ገጹን ያየው፣ ካርዱን የሰጠው እሱ ነው፤ በጉ ከሥቷል ወይስ ሰብቷል የሚለውን የሚያውቁት እናቱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን ላለማስከፋት «ደስ የሚል ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ጉድለቱን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ይህን ንግድ የያዙ ሱቆች ጥራታቸውን መለካት ከፈለጉ መጠይቁን ለሁለቱም፣ ለከፋዩም ለተቀባይዋም ለየብቻ መላክ አለባቸው። እኔ ብሆን ሃያ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር እጨምርበት ነበር፦ «የላክሁት ዕቃ እቤት ሲደርስ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ በፎቶ አይቻለሁ።»