ጥይት ባለቀበት ምድር ሰይፍ

ሰይፍ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መቍረጥ ነው፤ ሁለተኛውም የታጠቀውን ሰው ማዕርግ ማስታወቅ ነው። ጠመንጃ ከተሠራና ከተስፋፋ ወዲህ የመጀመሪያው ሥራ ከጦር ሜዳ እየራቀ ሄደ፤ ሁለተኛው ግን በሰልፍና በበዓል ቀን በመኰንኖች ወገብ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። እንግዲህ ፋብሪካው ሁሉ ቢፈርስ፥ ባሩድ የሚቀምም ሰውም ቢጠፋ፥ ሰይፍ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለስ ይሆን? ይህ ጥያቄ ልጆች በኮምፒዩተር መስተዋት ላይ በሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ውስጥ በሰፊው ተመርምሮ ስለ ተገኘ፥ ለወላጆች ጥቂት ልንነግር ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ፎልአውት ይባላል፤ ትርጓሜውም የአቶም ቦምብ ከፈነዳ በኋላ ከሰማይ የሚወርደው መርዘኛ ትቢያ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ኢንተርፕሌይ በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ1997 ወጣ። ሦስተኛው ክፍል በ2008 በቤተስዳ ኩባንያ፥ ኒው ቬጋስ የተባለውም ክፍል በ2010 በኦብሲድያን ኩባንያ ተሠሩ። በልብ ወለዱ ታሪክ በ2077 ዓመት አሜሪካና ቻይና በአቶም መሣሪያ ተዋግተው ከተሞች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ዐመድ ይሆናሉ። ከሞት የተረፉት ሰዎች ልጅ ልጆች ከ200 ዓመት በኋላ በፍርስራሹ መካከል ሲኖሩ፥ ተጫዋቹ ከእነርሱ እንደ አንዱ ሆኖ ይመላለሳል።

በዚያ ምድር ጠመንጃ አልጠፋም፤ የሚቸግረው ጥይቱ ነው። ጥይት ከፍርስራሽ ተለቅሞ ወይም በውድ ዋጋ ተገዝቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ሰው ሁሉ እየቈጠረ ይተኵሳል። ሰይፍ ግን ምንም ሳይጐርስ ይሠራል። ይህ ጥቅሙ ነው፤ ጕዳቱም ከዚያው ጋራ ይመጣል። ሰይፍ የያዘ ሰው በሩቅ የሚተኵሰውን ጠላቱን እስኪደርስበት ድረስ ብዙ ጥይት ይወርድበታል። ስለዚህ ተጫዋቹ ግድግዳን መከለል፥ በጨለማ መሄድ፥ ድምፅ ሳያሰማ መቅረብ ይማራል። ደግሞም በሦስተኛው ክፍል ሰይፍ በተመታበት ቍጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ሌላ እንደ እርሱ ያለ ሰይፍ ፈልጎ በዚያ ሊጠግነው ይችላል፤ ካልተጠገነ ግን እንደ ቀድሞው አይቈርጥም። ይህን ያሰቡት ሰዎች ብረት ያለ አንጥረኛ ለብዙ ዘመን እንደማያገለግል ሳያውቁ አልቀሩም።

በጨዋታው ውስጥ ከሚገኙት ሰይፎች ሦስቱን እንመልከት። የመጀመሪያው የቻይና መኰንን ሰይፍ ነው። ይህ ሰይፍ በቀድሞው ጦርነት ዘመን የማዕርግ ምልክት ሆኖ የተሠራ ሲሆን፥ መንግሥቱም ሠራዊቱም ከጠፉ በኋላ በዋሽንግተን ፍርስራሽ ውስጥ ማንም ወንበዴ አንሥቶ ይይዘዋል። ማዕርጉን የሰጠው መንግሥት ስለሌለ ምልክቱ ባዶ ሆኗል፤ የቀረው ስለቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሺሽ ከባብ ይባላል፤ ስሙ በብረት ዘንግ ላይ ተሰክቶ ከሚጠበሰው ሥጋ የመጣ የቀልድ ስም ነው። በሦስተኛው ክፍል ይህን ሰይፍ ተጫዋቹ ራሱ ይሠራዋል። የሣር ማጨጃ መኪና ስለት፥ የሞተር ብስክሌት የቤንዚን ታንክ፥ የእጅ ፍሬን፥ የምድጃ ጋዝ መለኰሻም ሰብስቦ ያገጣጥማል፤ ስለቱም በእሳት እየነደደ ይመታል። ከጥፋት በፊት ለቤትና ለመንገድ ያገለግሉ የነበሩ ዕቃዎች ሁሉ እንዲህ ለመግደያ ሲውሉ ማየት፥ የሰው ጥበብ ምን ያህል ወደ ሁለት ወገን እንደሚያዘነብል ያስታውቃል።

ሦስተኛው በኒው ቬጋስ ክፍል ያለው የሌጌዎን ሰይፍ ነው። በታሪኩ ኤድዋርድ ሳሎው የሚባል አንድ የተማረ ሰው የጥንቱን የሮማ ታሪክ መጻሕፍት ካነበበ በኋላ ራሱን ቄሣር ብሎ ይሠይማል። 86 ነገዶችን በጦር አስገብሮ፥ ቋንቋቸውንና ልማዳቸውን አጥፍቶ፥ ወንዱን ወታደር፥ ብዙውንም ሕዝብ ባሪያ ያደርጋል። ወታደሮቹ ቈንጨራና እንደ ሮማውያን አጭር ሰይፍ ይታጠቃሉ። ይህ ሰው ከሮማ መጻሕፍት ሰይፉንና ሰልፉን ወሰደ፤ የሮማን ሕግና ዳኝነት ግን ለተገዛው ሕዝብ አላመጣለትም። ለወላጅ ከልጁ ጋራ ሊነጋገርበት የሚገባው ዋና ነገር እዚህ ላይ ይመስለናል። ሰይፍ ለመሥራት አንድ የሣር ማጨጃ ስለት ይበቃል፤ ዳኛ ለማቆም ግን በሕግ የሚስማማ ሕዝብ፥ የሚታመን ምስክር፥ የሚጠበቅም ውል ያስፈልጋል። በፈረሰ አገር የመጀመሪያው በአንድ ቀን ይገኛል፤ ሁለተኛው ግን በ200 ዓመትም አልተሟላም።

ሆኖም የጨዋታው ደራሲዎች ሰይፍን ብቻ የነገር ሁሉ መፍቻ አላደረጉትም። በኒው ቬጋስ መጨረሻ ላይ በ1935 በተመረቀው በሁቨር ግድብ አጠገብ ጦርነት ይሆናል። በዚያም የሌጌዎኑ የጦር አለቃ ላኒየስ ፊቱን በጭምብል ሸፍኖ፥ በሁለት እጅ የሚያዝ ትልቅ ሰይፍ ይዞ ይቆማል። ተጫዋቹ ሊገጥመው ይችላል። ነገር ግን ንግግርን የተማረ እንደ ሆነ፥ ምዕራቡን ቢይዝ የምሥራቁ ግዛት እንደሚያመልጠው፥ ለሠራዊቱም ስንቅ ማድረስ እንደማይቻል እያስረዳ፥ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመታ ሠራዊቱን ይዞ እንዲመለስ ሊያደርገው ይችላል። እጅግ ብርቱ የሆነው ሰይፈኛ በስንቅና በመንገድ ሒሳብ መሸነፉ ለማንም አስተዋይ ሰው እንግዳ አይሆንም፤ ታላላቅ ጦርነቶችም ብዙ ጊዜ የተፈጸሙት በዚሁ መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ጨዋታው ለሕፃናት የሚገባ ነው ማለታችን አይደለም። የተቈረጠ አካልና የፈሰሰ ደም በግልጥ የሚታይበት ስለ ሆነ፥ በአሜሪካ አገር ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉ ብቻ እንዲሆን ተመድቧል። ስለዚህ ወላጅ አስቀድሞ የልጁን ዕድሜ ይመልከት። ዕድሜው የደረሰ እንደ ሆነም ከመከልከልና ከመቈጣት ይልቅ አንድ ምሽት አብሮት ተቀምጦ ይይ። ሰይፉን ሲመዝ ስለ ምን እንደ መዘዘው፥ ሌላ መንገድ እንደ ነበረና እንዳልነበረ ይጠይቀው። ልጁ ምክንያቱን አስተካክሎ ለመናገር ከቻለ፥ ነገርን መርምሮ መፍረድን መለማመድ ጀምሯል ማለት ነው። ምክንያቱን ለመናገር ያልቻለም እንደ ሆነ፥ ወላጁ ከእርሱ ጋራ የሚነጋገርበት መልካም ጊዜ አግኝቷልና በትዕግሥት ያስረዳው።