ከአንዲት ፕላኔት ወደ ከዋክብት ግዛት፤ የመስፋፋት ስሌት በኮምፒዩተር ጨዋታ

የኮምፒዩተር ጨዋታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የጣት ቅልጥፍናንና የጊዜ ማሳለፊያን ነው። ይሁን እንጂ የስትራቴጂ ጨዋታ ተብሎ የሚታወቀው ዘርፍ ከጣት ፍጥነት ይልቅ ስሌትንና ትዕግሥትን ይጠይቃል። በተለይም በጠፈር ውስጥ ግዛት ስለ መመሥረት የተሠሩት ጨዋታዎች የሕዝብ ዕድገትን፣ የምጣኔ ሀብትንና የውጊያን ሕግጋት አጣምረው ስለሚያቀርቡ ለሳይንስ ተማሪ መልካም መለማመጃ ናቸው። በዚህ ጽሑፋችንም ከዘርፉ ፈር ቀዳጆች አንዱ በሆነው «ማስተር ኦቭ ኦራየን» አማካይነት፣ አንድ ጀማሪ ተጫዋች ሕልውናውን ጠብቆ እንዴት ሊስፋፋ እንደሚችል እንመለከታለን።

የጨዋታው ምንነት

ማስተር ኦቭ ኦራየን ሲምቴክስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1993 በማይክሮፕሮዝ አሳታሚነት ለገበያ የቀረበ ጨዋታ ነው። በዚያው ዓመት አለን ኤምሪክ የተባለ ጸሐፊ ስለዚህ ጨዋታ ሲጽፍ የዘርፉን ባሕርይ በአራት ተግባራት ጠቅልሎታል፤ እነርሱም ማሰስ፣ መስፋፋት፣ ሀብትን መጠቀምና ተቀናቃኝን ማጥፋት ናቸው። ዘርፉ እስከ ዛሬ የሚጠራበት «ፎር ኤክስ» የተሰኘው ስያሜም የመነጨው ከዚሁ ነው።

ተጫዋቹ ሲጀምር ያለው አንዲት ፕላኔት፣ ሁለት የቅኝት መርከቦችና አንዲት የሠፋሪዎች መርከብ ብቻ ነው። የሠፋሪዎቹ መርከብ በመጀመሪያ ከ3 ፓርሴክ፣ ማለትም ከ10 የብርሃን ዓመት ብዙም ከማይርቅ ርቀት ማለፍ አትችልም። በዙሪያው ደግሞ በኮምፒዩተሩ የሚመሩ እስከ አምስት የሚደርሱ ተቀናቃኞች በተመሳሳይ ፍጥነት ይዘጋጃሉ። እያንዳንዱ ዙር እንደ አንድ ዓመት የሚቆጠር ሲሆን፣ የፕላኔቲቱ ምርት በየዓመቱ ለመርከብ ግንባታ፣ ለመከላከያ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለአካባቢ ጥበቃና ለምርምር ይከፋፈላል። ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ በመሆኑ፣ የጨዋታው ፈተና ሁሉ ከዚህ ክፍፍል ይመነጫል።

ሕዝብ መቼ በፍጥነት ያድጋል?

ጀማሪ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ «ፕላኔቴ ሞልታ ስትጠግብ ሠፋሪዎችን እልካለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ቢመስልም ከሒሳቡ ጋር ይጋጫል። በጨዋታው ውስጥ ያለው የሕዝብ ዕድገት ፒየር ፍራንሷ ቨርሁልስት የተባለው ቤልጅየማዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1838 ያቀረበውን የሎጂስቲክ ዕድገት ቀመር ይመስላል። በዚህ ቀመር መሠረት ሕዝቡ ጥቂት ሲሆን ወላጆች ስለሚያንሱ፣ ፕላኔቲቱ ስትሞላ ደግሞ ቦታ ስለሚጠብ ዕድገቱ ዝግ ይላል። ከፍተኛው ጭማሪ የሚገኘው ፕላኔቲቱ በግማሽ ስትሞላ ነው።

ይህንን በቁጥር እንመልከት። 100 አሃድ ሕዝብ የምትይዝ ፕላኔት አለች፤ ቦታ ሳይገድበው ሕዝቡ በዓመት 10 በመቶ ያድጋል እንበል። ሕዝቡ 50 ሲሆን የዓመቱ ጭማሪ 2.5 አሃድ ነው፤ 90 ሲደርስ ግን 0.9 ብቻ ይሆናል። አሁን ከ90ው 20ውን 40 አሃድ ወደምትይዝ ባዶ ፕላኔት ብናጓጉዝ፣ በነባሯ የቀሩት 70ዎቹ 2.1፣ አዲሶቹ 20ዎቹ ደግሞ 1.0 ይጨምራሉ። ድምሩ 3.1 አሃድ ነው። ስለዚህ አንድም አዲስ ግኝት ሳይታከል፣ ሕዝቡን በማከፋፈል ብቻ ዕድገቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው።

የመቸኮል ዋጋ

ከዚህ ተነሥቶ በየአቅጣጫው መበተን ግን ሌላ ስሕተት ነው። አዲስ ፕላኔት ሰው እንጂ ፋብሪካ ይዞ አይጀምርም፤ ተጓዦቹም በመንገድ ላይ ሳሉ ምንም አያመርቱም። በጨዋታው መጀመሪያ አንድ ፋብሪካ ለመሥራት 10 አሃድ ገንዘብ ይወጣል፤ ፋብሪካው በዓመት 1 አሃድ ቢያስገኝም የዚሁ ግማሽ ለብክለት ማጽጃ ይሄዳል። በመሆኑም ወጪውን ለመመለስ 20 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጽዳቱን ችላ ያለ ተጫዋች ለጊዜው የተጠቀመ ቢመስለውም፣ ያልተወገደው ብክለት ፕላኔቲቱ ልትይዝ የምትችለውን የሕዝብ መጠን ይቀንስበታል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ታዲያ ሚዛኑ የት ነው? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእናት ፕላኔቲቱን ፋብሪካዎች ማብዛት፣ ሕዝቡ ግማሹን አልፎ ዕድገቱ መዝገም ሲጀምር ትርፉን መላክ፣ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ተቀናቃኝ ሊቀድምባቸው የሚችሉትን ፕላኔቶች መያዝ ነው። የቅኝት መርከቦችም ጥቅም የሚጎላው በዚህ ጊዜ ነው፤ ጎረቤት ያለበትን አቅጣጫ ያላወቀ ተጫዋች የትኛው ፕላኔት እንደሚያስቸኩል ሊያውቅ አይችልም።

መትረፍና የኃይል ትኩረት

ግዛት ሲሰፋ ድንበር ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች በየፕላኔቱ ጥቂት የጦር መርከቦችን ያሰማራሉ። የእንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር የካሬ ሕግ፣ በርቀት በሚተኩስ ውጊያ የአንድ ኃይል ብርታት ከቁጥሩ ካሬ ጋር እንደሚመጣጠን ያስተምረናል። እኩል ጥራት ያላቸው 10 መርከቦች በአንድነት 6 የጠላት መርከቦችን ቢገጥሙ፣ የ100 እና የ36 ልዩነት 64 በመሆኑ 8 ያህሉ ይተርፋሉ። እነዚያው 10 መርከቦች አምስት አምስት ሆነው በተራ ቢገጥሙ ግን፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ሙሉ በሙሉ ይጠፋሉ፤ ከሁለተኛዎቹም የሚተርፉት ከ4 ያነሱ ናቸው። የመርከቡ ብዛት አልተለወጠም፤ የተለወጠው አሰላለፉ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ድንበርን በሚሳይል ጣቢያ ማስጠበቅና የጦር መርከቦችን በአንድ ቦታ አሰባስቦ ማቆየት የተሻለ መንገድ ነው።

በመጨረሻም ጨዋታው የሚያልቀው በጦርነት ብቻ አይደለም። የጠፈሩ ምክር ቤት ሲሰበሰብ እያንዳንዱ ግዛት በሕዝቡ ብዛት መጠን ድምፅ ይኖረዋል፤ ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ያገኘም ያሸንፋል። በመሆኑም ሕዝቡን በወቅቱ ያከፋፈለና ጎረቤቱን ያላስቀየመ ተጫዋች አንዲት ጥይት ሳይተኩስ ለድል ሊበቃ ይችላል።

የሎጂስቲክ ቀመር የተወለደው ለጨዋታ አይደለም፤ በብልቃጥ ውስጥ የሚራባውን እርሾ፣ በሐይቅ ውስጥ የሚረባውን ዓሣ የሚመለከቱ ተመራማሪዎችም ይጠቀሙበታል። ከሐይቅ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው መንጋው ሳይመናመን ምን ያህል መውሰድ እንደሚችል ሲጠይቅ፣ ከፕላኔቱ ስንት ሠፋሪዎችን መቼ ልላክ ከሚለው ተጫዋች ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ልዩነቱ ተጫዋቹ ቢሳሳት ጨዋታውን እንደገና መጀመር መቻሉ ነው። አንባብያን ቀመሩን በወረቀት ላይ በራሳቸው ቁጥሮች እንዲሞክሩት እንጋብዛለን።