በአንድ ስም የሚጠሩት የጣና ዓሦች

ጣና ዳር ዓሣ ሲመዘንና ሲሸጥ ሦስት ስም ይበቃል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ አንድ ዝርያ ነው፤ አምባዛም እንዲሁ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን ብዙ ነው። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሦች በተለያየ ስም ከፋፍሎ መዝግቦ ነበር፤ በ1970ዎቹ ሳይንስ ራሱ መልሶ አንድ አደረጋቸው፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አፋቸውን፣ የሰውነት ቅርጻቸውንና ምግባቸውን ለይተው ሲያጠኑ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነው ወጡ። ነገሩ የሐይቁ አቀማመጥ ሥራ ነው። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንሰው ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጧል፤ ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ደግሞ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ አግዶታል። ከሌላው በተለየው በዚህ ውሃ ውስጥ አንዱ ነጭ ዓሣ ቀንድ አውጣ መስበር፣ ሌላው የውሃ ተክል መጋጥ ለመደ፤ ስምንቱ ደግሞ መንጋጋቸው ጥርስ ሳያበቅል ሌላ ዓሣ እያሳደዱ መዋጥ ቻሉ። የፊሊፒንሱ ላናዎ ሐይቅም ከዚሁ ከነጭ ዓሦች ቤተሰብ የወጡ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ዝርያዎች ነበሩት፤ ከውጭ በገቡ ዓሦችና በልክ አልባ ስገራ አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ስለዚህ ጣና በዓመት ስንት ቶን ዓሣ ሰጠ ብሎ መጠየቅ ብቻውን ያሳስታል። ቶኑ ሳይጎድል ዝርያው ሊያልቅ ይችላልና።

ለረጅም ዘመን ስገራው የታንኳ ነበር። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ፣ በተለይ በሐይቁ ዳር በሚኖሩት በወይጦዎች እጅ፣ ከዳርቻው ብዙም አይርቅም፤ ሁለት ሦስት ወር ካገለገለ በኋላም ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል። በ1986 እ.ኤ.አ. የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ሲገቡ ሰፊው ሐይቅና የወንዝ አፎች ሁሉ ለአስጋሪው ተከፈቱ። የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ገበያም አብሮ ሰፋ፤ የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። በዚህ ውስጥ ክፋት አልነበረም፤ ለድሃ ሰው ሥራ፣ ለከተማው ርካሽ ሥጋ ማለት ነበር። ችግሩ ያው መረብ ለቆሮሶና ለነጭ ዓሣ የሚያመጣው መዘዝ አንድ አለመሆኑ ነው። ቆሮሶ ቶሎ ይደርሳል፣ በዓመት ከአንዴ በላይ ይራባል፣ እናቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ብዙ ቢያዝም ይተካል። ነጭ ዓሣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፣ የሚራባውም በዓመት አንድ ወቅት ነው። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ክረምቱ ሲጠና ተሰብስበው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በግልገል ዓባይና በመሰሎቻቸው አፍ ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ገባሮቹ ወጥተው ጠጠር ባለበት ንጹሕ ወራጅ ውሃ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የዓመቱ ወላጅ ሁሉ በአንድ በር ሲያልፍ እዚያ በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ዘሩን ከነጎተራው አገኘ ማለት ነው።

ውጤቱ ተለክቷል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረገ ንጽጽር የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ክብደት በ75 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ ቁጥር ደግሞ ከ85 እስከ 90 በመቶ ወርዷል። ይህ ዝናብና የውሃ መጠን የሚያመጡት የተለመደ መዋዠቅ ሊሆን ይችላል የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ ሐይቅ በእርግጥ ይዋዥቃል። ነገር ግን ያው ዝናብ በቆሮሶና በአምባዛ ላይም ዘንቧል፤ እነሱ እንዲህ አልወደቁም። ታዳጊው ከአዋቂው ይበልጥ መሳሳቱም የሚጠቁመው ወላጅ ሳይራባ መያዙን ነው። አጥኚዎቹ ከመረቡ ጋር የጠቀሱት ሌላ ምክንያት ብርብራ ነው፦ ፍሬው ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ብርብራ የቆየ ልማድ ነው፣ ዛሬ ስለምን ይወቀሳል የሚል ይኖራል። በጠባብ ገባር ለራት የሚሆን ዓሣ ማግኛ መሆኑ ቀርቶ ለመራባት የወጣውን መንጋ መጨረሻ ሲሆን ግን ዕድሜው አያስምረውም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ የአስጋሪው ነው፦ ሐይቁ ቢዘጋ ምን እበላለሁ? ሐይቁን መዝጋት ግን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የወንዞቹን አፍና ገባሮቻቸውን መተው ነው፤ የቆሮሶው ስገራ ከወንዝ አፍ ርቆ ባለው ዳርቻ ይቀጥላል። ይህም ቢሆን ከኪሳራ አይድንም፤ ለመያዝ የሚቀለው ዓሣ ያለው እዚያ ነው፤ የነሐሴው ፍልሰታም ዓሣ የሚበላውን ጿሚ ገበያ የሚያመጣው በዚያው ሰሞን ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በቦታ፣ በጊዜና በመረብ ዓይነት ለመገደብ የሚያስችል ሕግ ነው፤ እንግዲህ የጎደለው ወረቀት አይደለም። ጀልባም ነዳጅም ያለው ተቆጣጣሪ በክረምት ጭቃ መካከል ጉማራ አፍ ላይ መገኘቱ ነው። ለአስጋሪውም ለእነዚያ ወራት ማካካሻ ካልታሰበ ክልከላው በሌሊት ይጣሳል።

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሕዝቡን ዓይንና ጉልበት ወስዷል፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ያደረሰው ጉዳትም ቀላል አይደለም፤ ጀልባ ያግዳል፣ መረብ ይይዛል። ከእምቦጩ ይልቅ ግን በዝምታ የሚያልፈው የግድቡ ነገር ነው። ርብ ተገድቧል፣ በግልገል ዓባይ ገባር ላይ ቆጋ ተገድቧል፣ መገጭም ተራው ደርሶታል፤ ገበሬው በመስኖ ሁለት ጊዜ ማምረቱን የሚቃወም የለም። ነገር ግን ግድቡ የዓሣውን መውጫ ሲዘጋ፣ አሸዋና ጠጠር ከወንዙ ሲዛቅ፣ ከተራቆተው ማሳ የታጠበው ደለል የቀረውን ጠጠር ሲለብሰው፣ ከመረብ ያመለጠው ወላጅ እንቁላሉን የሚጥልበት ያጣል። ስለዚህ ክረምት በመጣ ቁጥር ከግድቡ ምን ያህል ውሃ ይለቀቅ፣ የትኛው ገባርስ ሳይነካ ይቆይ የሚለው የመስኖ መሐንዲሱ ጥያቄ ብቻ ሊሆን አይገባም። የዓሣ ባለሙያውም ከጠረጴዛው ይቀመጥ፤ ሲቀመጥም «ነጭ ዓሣ» የሚለውን አንድ ዓምድ በየዝርያው የከፈለ መዝገብ ይዞ ይምጣ።